ሦስት አለቃ የተሾመበት አምፖል

ቀለም የሚቀላቅል ሰው አንድ ሕግ አለው፤ አንዴ ባልዲው ውስጥ የገባ ቀለም አይወጣም። ክሬሙ ከቀላ፣ ቅላቱን በማንኪያ ጨልፎ የሚያወጣ ጥበበኛ እስካሁን አልተወለደም። ስለዚህ ይጨመራል። ነጭ ይጨመራል። ነጩ ሲበዛ ቢጫ፣ ቢጫው ሲያብድ ጠብታ ጥቁር፣ ጥቁሩ ሲያጠላበት እንደገና ነጭ። የዚህ ታሪክ ባለቤት ዕድሜውን የፈጀው ከቀለም መሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በዚህ ሕግ ሲተዳደር ነው። ባልደረቦቹ “ጨምርበት” ይሉታል። እሱም አይቀየምም፤ እንደ ማዕረግ ቆጥሮት ቀና ብሎ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ አንዲት እመቤት ለልጃቸው ክፍል ትንሽ ቆርቆሮ ክሬም ቀለም አዘዙ። ቀላ። ነጭ ጨመረበት። ነጣ። ቢጫ ጨመረበት። ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው አልበቃው ብሎ ወደ ባልዲ ተገለበጠ፤ ወደ ማምሻው ላይ ባልዲው ሞልቶ በርሜል ተጠራ። እመቤቲቱ ሊወስዱ ሲመጡ፣ የታመመ ጉበት የሚመስል አንድ በርሜል ሙሉ ነገር ጠበቃቸው። የሱቁ ባለቤት ራሱን ይዞ ቆየና የጀርባውን አጥር ከዳር እስከ ዳር አስቀባው፤ የተረፈውንም “የባሕር ዳር አሸዋ” የሚል ስም ለጥፎ ሸጠው። ገዢ አልጠፋም። ስም ካወጡለት የማይሸጥ ነገር የለም።

እዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም፤ አጥር አፍ የለውም። መከራው የመጣው ሰውየው ሕጉን ከሥራ ቦታው አንጠልጥሎ ቤቱ የገባ ዕለት ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራውም እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ካሉት ሁለት ክፍሎች በሰፊው ውስጥ ነው። የክፍሉ መስኮት የሚያየው የጎረቤቱን ግድግዳ ስለሆነ ቀንም ቢሆን መብራት ካልበራ መርፌ አይታይም። የምትሰፋው የምሽት ቀሚስ ነው፤ አብዛኛው ሳቲን። ሳቲን ደግሞ ሙሉ መብራት ሲያርፍበት መስታወት ሆኖ ያርፈዋል፤ ስፌቱ ነጸብራቁ ውስጥ ይሰምጥና ዓይን ብቻ ይቀራል፣ የሚያነባ ዓይን። ስለዚህ ሴትየዋ መብራቱን ዝቅ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለዚሁ የተተከለች አንዲት ዲመር ነበረች፤ በጣት የምትዞር፣ መብራቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግ። የድሮው አምፖል በነበረበት ዘመን ሦስቱ፣ ማለትም ሴትየዋ፣ ዲመሯና አምፖሉ፣ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ኖረዋል።

ከዚያ ኤልኢዲ የሚባል አምፖል መጣ። ቆጣሪ ያሳርፋል ተባለ፤ እውነትም ያሳርፋል። ሰውየው ገዝቶ ተከለ። አምፖሉ ግን ገና ዲመሯን ዝቅ ሲያደርጉበት እንደ ተናደደ ንብ ይጮህ ጀመር። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ዲመር መብራትን ዝቅ የሚያደርገው የኤሌክትሪኩን ጉዞ እየቆራረጠ ነው። የድሮው አምፖል የጋለ ሽቦ ስለሆነ ቢቆራርጡትም አይሰማውም፤ ግለቱ ይሸፍንለታል። ኤልኢዲ ግን ሆዱ ውስጥ የራሱ መሣሪያ አለው፤ እያንዳንዷን ቁራጭ ይቆጥራል፣ ያኮርፋል። ለእሱ የተሠራ ዲመር ካገኘ ይታዘዛል። የአባቱ ዘመን ዲመር ከሆነ የመጣበት ይጮሃል።

ጨምርበት ይህን ከሰማ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ሄዶ አዲስ ነገር ገዛ፤ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ከነዲመሩ፣ ለኤልኢዲ የተሠራ፣ በጣት ሲነካ የሚበራ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭ። ሻጩ ዕቃውን እየጠቀለለ፣ የድሮዋን ዲመር ነቅሎ እንዲጥላት ነገረው።

“እሷ ምን በደለችህ?” አለው ጨምርበት።

አዲሱን ማብሪያ በሩ አጠገብ ተከለው። አሮጌዋን ከማሽኑ አጠገብ ተዋት። አንዱ መስመር፣ አንዱ አምፖል፣ ሁለት ዲመር። ያለፈው አገዛዝ ሳይወርድ አዲሱ አገዛዝ ታወጀ ማለት ነው፤ ሁለቱም መንግሥት ነን ይላሉ፣ ሁለቱም ይቆርጣሉ፣ አንዱ የቆረጠውን ሌላው መልሶ ይቆርጠዋል፣ ግብሩን የሚከፍለው አምፖሉ ነው።

ሲጨርስ ሚስቱን ጠራት። አሮጌዋን ዲመር እስከ ጥጓ አዙሮ፣ በሩ ላይ ያለውን እስከ ጣሪያው ከፍ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ሁለቱም ከፍ ሲሉ የሚቆርጡት የለምና መብራቱ ወለል አለ። ቀን አወጣሁልሽ አላት። ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቲኑን ዘረጋች፤ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ግድግዳው ሰዳ ዝቅ አደረገችው። አምፖሉ ብርድ ብርድ እንዳለው በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እሱም መጥቶ መልሶ ከፍ አደረገው። የታለ የሚንቀጠቀጠው፣ አለ። ዝቅ ስታደርገው ነው አለችው። ታዲያ ለምን ዝቅ ታደርጊዋለሽ አላት። እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይረፍ፤ ሴትየዋ ግን አላረፈችም። ዝቅ የማይደረግ ከሆነ ዝቅ ማድረጊያው ለምን ሁለት እንዳስፈለገው ጠየቀችው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲቀርብለት ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይችልበታል።

መልሱን ይዞ የመጣው በሳምንቱ ነው፤ በካርቶን። በስልክ የሚታዘዝ አምፖል። ይህኛው ዲመሩ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ግድግዳ አያሻውም፤ የሚፈልገው ሳይቆራረጥ የሚመጣለት መብራትና ከስልክ የሚላክለት ትእዛዝ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከኋላው ሁለት ዲመር ካለበት መስመር ላይ ፈጽሞ መተከል የሌለበት አምፖል ቢኖር እሱ ነው። ተተከለ። ሦስተኛው አለቃ ተሾመ።

ያን ሰሞን በዚያች ክፍል የነበረው አስተዳደር እንዲህ ነበር። በሩ ላይ ያለው ማብሪያ ከጠፋ አምፖሉ ስልኩን አይሰማም። ስለዚህ ጨምርበት ያንን የሚያብለጨልጭ፣ በስንት ጉራ የገዛውን ስማርት ማብሪያ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ በሚሸፍኑበት የሚለጠፍ ላስቲክ ሸፍኖ “አይነካም” ብሎ ጻፈበት። አሮጌዋ ዲመር ከተነካች አምፖሉ ያብዳል፤ እሷም ላስቲክ ተለጠፈባት። መብራቱን ማዘዝ የሚችለው እንግዲህ ስልኩ ብቻ ነው። ስልኩ ደግሞ ያለው በጨምርበት ኪስ ውስጥ፣ ጨምርበት ያለው በቀለም መሸጫው ጀርባ ነው። በሚስቱም ስልክ ላይ ሊያስገባላት ሞክሮ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ረሳውና አዲስ አወጣ፤ እሱንም ረሳው።

አንድ ጠዋት ሴትየዋ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ አንዲት ደንበኛ ወንበር ላይ አቁማ የቀሚሷን ጫፍ ስትለካ መብራቱ ድርግም አለ። ሰውየው ሥራ ቦታ ሆኖ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አውራ ጣቱ ነክቶት ነው። ደወለችለት። እጁ ክርኑ ድረስ ቀለም ውስጥ ስለነበረ አላነሳም። ደንበኛዋ ከወንበሩ ስትወርድ ጫፉን ረገጠችው፤ ተተረተረ። ቤት ሲገባ ሴትየዋ በቁጣ የተነፋ ፊቷን አዞረችበት። እሱም ሳይጠየቅ፣ ከሩቅ ሆኖ መብራት ማጥፋት መቻሉ ራሱ እንዴት ያለ ሥልጣኔ እንደሆነ አስረዳት። ጨጓራ የሚልጥ ሰው አለ፤ ይህ ግን ልጦ ጨው የሚነሰንስ ነው።

እሷ ላስቲኩን ቀድዳ በአሮጌዋ ዲመር መሥራቷን ቀጠለች። ምን ታድርግ? በዘረጋችው ጨርቅ ላይ የሚያነባ ዓይን ይዛ ከመዋል፣ የሚንቀጠቀጥ መብራት ይሻላታል።

ልብስ ሰፊ ስፒሉን የሚነቅለው ማሽኑ እየሄደ ነው። መርፌው እየሮጠ ይመጣል፣ ጣት ቀድሞ ስፒሉን መዞ ይሸሻል፤ ዓይን ይለካል፣ ጣት ይታዘዛል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ሠርታለች። የሚንቀጠቀጥ መብራት ግን የሚሮጥ ነገርን ይሰርቃል፤ መርፌው እየበረረ ሳለ የሚያዘግም፣ አንዳንዴም ቆሞ የሚያስብ ያስመስለዋል። አንድ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የነጭ ሳቲን ቀሚስ ጎን ስትገጥም፣ መርፌው ገና ሩቅ መሰላት። ጣቷን ሰደደች። መርፌው በጥፍሯ በኩል ገብቶ በሥር ወጣ።

ጨምርበት ከሥራ ሲመለስ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ደም የነጠበበትን ነጭ ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኛት። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሰውየው ክፉ አይደለም። ተንበርክኮ ጣቷን ይዞ፣ ለእኔ ያድርገው እያለ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሷ ግን እንባውን አልፋ ግድግዳውን ነው የምታየው።

“ስማኝ” አለችው። “ወይ እነዚህ ነገሮችህ ይነቀላሉ፣ ወይ እኔ ከነማሽኔ እህቴ ሱቅ እገባለሁ። ከሁለት አንዱን ምረጥ።”

እህቷ መንገድ ዳር ልብስ ማስተካከያ ሱቅ አላት፤ መስኮቱ ሰፊ፣ መብራቱ ተራ። ጨምርበት ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ በሙሉ፣ ማሽኑም፣ ሳቋም፣ ቁጣዋም፣ ከዚያች ክፍል የሚወጣ ነው። እሷ ስትሄድ ቤቱ ግድግዳ ብቻ እንደሚሆን ያውቃል። ፊቱም ይህን ማወቁን ይናገር ነበር። ከመሬት ተነሳ። ወጣ። ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው በረረ። ሚስቱም ኋላ ለእህቷ እንደነገረቻት፣ መንቀያ ፈልጎ የሄደ መስሏት ነበር።

ማረጋጊያ ገዝቶ መጣ።

አዎ። አምፖሉ ላይ ተደርቦ የሚታሰር ትንሽ ሳጥን፤ ጭነቱን ከፍ አድርጎ ዲመሩን ያረጋጋል የሚባል። በቦታው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አንድ ዲመር ላለው ሰው። ሻጩ አሁንም፣ በአሮጌዋ ላይ ይህን ብትጨምር ትርፉ ድካም ነው ብሎት ነበር። ደግሞ ከማሽኑ ጠረጴዛ አጠገብ የምትቆም ባለ እግር መብራት አብሮ ገዝቷል። የራሷ ዲመር ያላት።

ሴትየዋ ካርቶኖቹን አየች፤ እሱን አየች፤ ለእህቷ ደወለች። በማግስቱ እህቷ ታክሲ ይዛ መጣች። ማሽኑን ለሁለት ተሸክመው ደረጃውን ሲወርዱ ጨምርበት መሰላል ላይ ቆሞ ሳጥኗን ሲያስር ነበር።

ዋርሳው፣ የሚስቱ እህት፣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ነገር ወረወረችለት። “እህቴን እንደ ቀለም በጠበጥካት፤ እስቲ አሁን አምፖልህን አግባ” አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። ሰውየው በባዶ ክፍል መብራት ማስተካከሉን ቀጠለ። ማረጋጊያው መንቀጥቀጡን ትንሽ ቀነሰው፤ በምትኩ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ሰጠው። በስልኩ “የጨረቃ ብርሃን” የሚባለውን ነክቶ፣ ከሥሩ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ራቱን በላ። ማሽኑ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የሳቲን ቁርጥራጭና ክር ቀርቷል። አልጠረገውም። ሥራ ቦታው ሲጠይቁት፣ ሚስቱ ለጊዜው እህቷን ልታግዝ እንደሄደች ይናገራል፤ ጊዜው ሲረዝም ግን አግዛ የማትጨርሰው ምን ዓይነት ሱቅ ቢሆን ነው ይሉት ጀመር።

በመጨረሻ ካኪ ኮቱን ለብሶ ወደ ሱቁ ሄደ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአንድ ሰውዬ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ቀና አላለችም። እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ ቤት እንድትመለስ፣ መብራቱ አሁን ሌላ እንደሆነ፣ ስለ ማረጋጊያው፣ ስለ ባለ እግሯ መብራት ጀመረ። ባለ ሱሪው በባዶ እግሩ ፎጣ አገልድሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪው እስኪያልቅ መሄጃ ስለሌለው፣ ሁሉንም ሰማ።

“ጨመርክ ወይስ አወጣህ?” አለች ሚስቱ፣ ዓይኗ ከስፌቱ ሳይነሳ።

“አስተካከልኩት።”

“የጠየቅኩህን መልስልኝ።”

“አንቺ ደግሞ፣ ነገር ስታከሪ…”

“ጨመርክ ወይስ አወጣህ?”

ማሽኑ ቆመ። ባለ ሱሪውም ትንፋሹን ያዘ።

“ጨመርኩ።”

“ግባ ቤትህ” አለችው፤ ማሽኑም ቀጠለ። ባለ ሱሪው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀለት። ሱሪ ካላጠለቀ ሰው የተለገሰ ሐዘኔታ ደግሞ፣ ያው፣ የውርደት ጣሪያ ነው።

ለምንድነው አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ሚስቱን አጥቶ እንኳ፣ ሁለት ብሎን መፍታት የሚያቅተው? ሥራው አስለምዶት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ከዚያ ይጠልቃል። ቀለም ውስጥ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን አያይም፤ በሚቀጥለው ቀለም ሥር ይቀብረዋል። ማንም ቆፍሮ አያወጣውም። የሚነቀል ነገር ግን እጅ ላይ ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያፈጣል። ይኸው የኔ ጥፋት፣ ከነሽቦው፣ ይላል። ጨምርበት በሕይወቱ ስህተቱን በእጁ ይዞ አይቶ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ቀረ። ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አውርዶ ከአሮጌዋ ዲመር ጀመረ። ብሎኖቿ ላይ የግድግዳ ቀለም ደርቆባቸው እንቢ አሉ፤ ቀለሙ የራሱ ነው፣ ራሱ የቀላቀለው። በቢላዋ ጫፍ ፈቀፈቀው። ወጣች፤ ከኋላዋ አቧራና ሁለት የጠቆረ ሽቦ ይዛ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳቲን ቁርጥራጩ አጠገብ አስቀመጣት። ከዚያ ማረጋጊያውን። ከዚያ በስልክ የሚታዘዘውን አምፖል። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ማብሪያ ከነላስቲኩ። ክፍሉ ግድግዳው ላይ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ሲቀር ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር። ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። አልሞተም።

ባለ እግሯን መብራት ሊመልስ ሲሄድ ሻጩ ፊቱን አይቶ፣ አወጣሃት አይደል አለው። አወጣኋት አለ። የቀረው ነገር እንግዲህ ሕፃን የሚሠራው ነው። ዲመር አንድ ብቻ፤ ያው ስማርቱ፣ ለኤልኢዲ የተሠራው፣ ከበሩ ተነቅሎ ሚስቱ እጇን በምትሰድበት ቦታ ተተከለ። አምፖሉ ተራ ኤልኢዲ፣ ነገር ግን ካርቶኑ ላይ በዲመር ይሠራል የሚል። በሩ ጋ ደግሞ ሽቦ የሌላት፣ ግድግዳው ላይ የምትለጠፍ አንዲት ቁልፍ፤ ስትጫን ለዲመሩ አብራ ወይም አጥፋ ብላ መልእክት የምትልክ እንጂ መብራቱን ራሷ የማትቆርጥ። ተላላኪ እንጂ አለቃ ያልሆነች። ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ይችል ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ተነግሮታል። ግን ተዉት፤ መናደድም ጉልበት ይጨርሳል።

ሱቁ ሲደርስ ዋርሳው በሩ ላይ ቆማ ነበርና፣ ምን ጨምረህ መጣህ፣ አለችው። እሱ አልፏት ገባ። ሚስቱ አጠገብ ሄዶ የፌስታል ቦርሳ እግሯ ሥር አስቀመጠ። ከፈተችው። አሮጌዋ ዲመር፣ ማረጋጊያው፣ አምፖሉ፣ “አይነካም” የሚል ላስቲክ። አንድ በአንድ አየቻቸው። እህቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጇ ዝም አሰኘቻት።

ቃሉን ግን አላመነችም፤ ማሽኑን እዚያው ትታ ባዶ እጇን መጣች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መብራቱን ወደምትሠራበት ልክ ዝቅ አደረገችው። አልጮኸም። ከዚያ ቬንትሌተሩን ከጥግ ጎትታ አምፖሉ ሥር አቁማ አስነሳችው፤ የሚንቀጠቀጥ መብራት ቢሆን ክንፎቹ የቆሙ ወይም ወደ ኋላ የሚዞሩ ይመስላሉ። ክንፎቹ ተዋሕደው እንደ ጭጋግ ሆኑ። የበለጠ ዝቅ አደረገችው። ያው ጭጋግ። የዳነውን ጣቷን በሌላው እጇ እያሻሸች ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ በሩ ላይ፣ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሟል።

“ማሽኑን አንተ ነህ የምትሸከመው” አለችው። “ብቻህን።”

ሱቁ ድረስ ሄደው፣ እሱ ዋርሳው ያልጠገበችውን ዘለፋ ተጎንጭቶ፣ ማሽኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሱ። የፎቁ ደረጃ ጨለማ ነው፤ መታጠፊያው ላይ መብራት የለም። እሷ ፊት ፊት፣ እሱ እያለከለከ ከኋላ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አምፖል ወደሌለው ጣሪያ አንጋጠጠ፤ አየር ሳበና አፉን ከፈተ።

ሚስቱ ዞር አለች። ከላይ ሆና በጨለማው ውስጥ ትጠብቀው ጀመር።

“ከብዷል” አለ።

“ይክበድህ” አለችና ደረጃውን ቀጠለች።